ኮድ የሚጽፈው በዛ፤ የሚያነበውስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርብ እትማችሁ ስለ ኮድ ሥልጠና የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሑፉ ደህና ነው፤ ወጣቶቹን ማበረታታቱም ደግ ነው። 2016 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የጎረቤቶቼ ልጆች ሳይቀሩ ተመዝግበው፣ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የምስክር ወረቀታቸውን በስልካቸው ያሳዩኛል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጽሑፋችሁ ከራሱ እስከ ግርጌው ስለ መጻፍ ብቻ ነው የሚያወራው። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ቁጭ ብሎ ስለሚያነብ፣ ስለሚጠረጥር፣ ስህተቱን ስለሚለቅም ሰው አንዲት መስመር አላገኘሁበትም። የኔ እንጀራ ደግሞ እሱ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ቢሮዬም እዚያው ሳሎኔ ነው። ውጭ አገር ላለ ድርጅት የዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃ የሚያከማችና ሲጠየቅ የሚያወጣ ሶፍትዌር፣ ኮድ እገመግማለሁ። እናቴ ለዘመድ ስትናገር «ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት ለእሷም ለእኔም ድካም ነው። ለእናንተ አንባቢዎች ግን ልሞክር፤ ነገሩ የማይነካው ሰው የለምና። መስኮት ላይ ተሰልፈን «ሲስተም ተጨናንቋል፣ ትንሽ ታገሱ» ስንባል አንዳንዴ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፤ አንዳንዴ የመብራት ነው። አንዳንዴ ግን መብራቱም አለ፣ ኔትወርኩም አለ፣ ሰርቨሩም ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ዳታቤዙ ለጥያቄው የመረጠው መንገድ ነው። ያን መንገድ የሚመርጠው የኮድ ክፍል ፕላነር ይባላል። እኔ የማነበው እሱን ነው።

ዳታቤዝን «አጋሮ የሚኖሩ ደንበኞችን አውጣልኝ» ስንለው የምንነግረው የምንፈልገውን ብቻ ነው። እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኘው ራሱ ይወስናል። እኛ ግቢ አንድ ሰው ፈልጎ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥበቃው ነው፤ ብሎኩንና የቤት ቁጥሩን ጠይቆ በቀጥታ ይወጣል። የዕድር ጥሪ ወረቀት የሚያድል ልጅ ግን ለእያንዳንዱ ቤት ወደ ጥበቃው ቢመላለስ ሲመሽም አይጨርስም፤ ከምድር ቤት ጀምሮ በር እያንኳኳ ይወጣል። ፕላነሩም እንዲሁ ነው፤ የሚፈለገው ጥቂት ከሆነ በኢንዴክስ፣ ማለትም የቱ የት እንዳለ በሚያሳይ ማውጫ፣ ብዙ ከሆነ ቴብሉን፣ ማለትም መረጃው በረድፍ የተደረደረበትን ሠንጠረዥ፣ ከላይ እስከ ታች በማንበብ። ጥቂት ይሁን ብዙ ግን ገና ሳያይ መገመት አለበት። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ግምት ነው።

አሠራሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የአይቢኤሟ ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ ሲስተም አር ለተባለው ዳታቤዝ ያቀረቡት ሐሳብ እስካሁን መሠረቱ እንደሆነ አለ፤ ለየመንገዱ ዋጋ ታወጣለህ፣ ርካሹን ትመርጣለህ። አነጋገሩ ቀላል ነው። አሥር ቴብል የሚያገናኝ ጥያቄ ቢመጣ ግን ቴብሎቹን ተራ በተራ በማያያዝ ብቻ 3,628,800 ዓይነት አሰላለፍ ይኖረዋል። ስለዚህ እነ ሴሊንገር መጀመሪያ የሁለት የሁለቱን ርካሽ መንገድ አውጥቶ መያዝን፣ ከዚያ በዚያ ላይ ሦስተኛውን እየጨመሩ መውጣትን አመጡ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ በተለመደው ቅንብሩ ቴብሎቹ 12 ሲደርሱ ይህንንም ትቶ ዕድል ወደተቀላቀለበት ፍለጋ ይሻገራል። ዋጋው ራሱ የሚተመነው ሰው በጻፋቸው ቁጥሮች ነው። መረጃው ዲስክ ላይ የተቀመጠባቸውን ገጾች በተርታ ማንበብ ለአንዱ ገጽ 1፣ ከዚህም ከዚያም እየዘለሉ ማንበብ ለአንዱ 4 ተብሎ ይጀመራል። የሚሽከረከር ዲስክ ዘመን ቁጥር ነው፤ አስተዳዳሪው ካልቀየረው ዛሬም 4 ነው።

ወደ አጋሮ ልመለስና ግምቱ እንዴት እንደሚሳሳት በቁጥር ላሳይ። 1,200,000 ደንበኛ ያለበት ቴብል አለ እንበል። ከሦስቱ አንዱ የኦሮሚያ፣ ከሃያው አንዱ የጅማ ዞን፣ ከሁለት መቶው አንዱ የአጋሮ ነዋሪ ነው። አንድ ሠራተኛ ክልሉን፣ ዞኑንና ከተማውን ሦስቱንም ሞልቶ፣ ከሌላ ቴብል ጋር አያይዞ ይጠይቃል። አጋሮ ያለ ሰው ጅማ ዞን እንዳለ፣ ጅማ ዞን ያለ ሰው ኦሮሚያ እንዳለ እኔና እናንተ እናውቃለን፤ ስለዚህ መልሱ 6,000 ሰው ነው። ፕላነሩ ግን ጂኦግራፊ አልተማረም። ሦስቱ ነገሮች የማይተዋወቁ ይመስለውና ያባዛቸዋል፤ ሲሦ በሃያኛ፣ በሁለት መቶኛ፤ ውጤቱ 100 ሰው። «100 ከሆነማ» ይልና ለእያንዳንዱ ሰው ሌላውን ቴብል ለየብቻ የሚያስስበትን መንገድ ይመርጣል። አንዱ አሰሳ የሰከንድ መቶኛ ቢፈጅ ለ100 ሰው 1 ሰከንድ ነበር። ለ6,000 ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ይህን አምስት ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ከጠየቁት መስኮቱ ላይ የሚነገረንን ታውቁታላችሁ።

ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 10ኛ እትሙ ጀምሮ ለዚህ መድኃኒት አለው፤ «እነዚህ ዓምዶች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ» ብሎ የሚነግር ትእዛዝ ተጨምሮለታል። ትእዛዙን የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ያ ሰው መጀመሪያ የፕላነሩን ግምት ከትክክለኛው ቁጥር ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይኖርበታል።

ከዚህ ሥራ በፊት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የዳታቤዝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ስሙን ልተወው። የወር መዝጊያ ሪፖርት ሌሊቱን ሙሉ እየሠራ ጠዋት ሳይጨርስ ይቀር ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አዲስ ሰርቨር ይገዛ አለ፤ ጨረታው ተዘጋጀ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሪፖርቱ ሊጀመር ሲል ባዶ ቴብል ውስጥ የወሩ መረጃ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል፤ ዳታቤዙ ደግሞ በየቴብሉ ምን ያህል ረድፍ እንዳለ የሚገምትበትን ቆጠራ ገና አላደሰም። ፕላነሩ ቴብሉ ጥቂት ረድፍ ብቻ ያለው መስሎት ለጥቂት ረድፍ የሚሆን መንገድ ይመርጣል። በመሃል ቆጠራውን የምታሳድስ አንዲት መስመር ገባች፤ ሪፖርቱ ከእኩለ ሌሊት በፊት አለቀ። ሰርቨሩም ግን ተገዛ። በጀቱ ጸድቆ ነበራ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መዘግየት ነው። መዘግየት የዋህ ችግር ነው፤ ሰው ያየዋል፣ ይጮኻል፣ ይስተካከላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ዓይነት ነው፤ ፕላነሩ መንገዱን ሲያሳጥር መልሱን የቀየረ እንደሆነ። ፕሮግራሙ አይወድቅም፣ ቀይ መልእክት አያወጣም፤ የተሳሳተውን መልስ በትህትና ያቀርብልሃል፣ አንተም ፈርመህ ትቀበላለህ።

አንዱን ከነገምጋሚው ላሳያችሁ። በቅርቡ አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ከሌላ አገር የላከው ፓች፣ ማለትም በነባሩ ኮድ ላይ የቀረበ ማሻሻያ፣ እጄ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ «እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን አውጣ» የሚለውን፣ ዳታቤዝ በሚጠየቅበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ኖት ኢን ተብሎ የሚጻፈውን ጥያቄ ወደ ፈጣን ጆይን፣ ማለትም ሁለት ቴብሎችን ወደሚያገናኝ ስልት፣ መቀየር ነው። እዚህ ላይ አንድ አሮጌ ወጥመድ አለ። ከዝርዝሩ ውስጥ አንድ እንኳ ነል፣ ማለትም ያልታወቀ ነገር ካለ በኤስኪውኤል ሕግ መልሱ ባዶ ነው፤ አንድም ስም አይወጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልታወቀው ሰው አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ ስለዚህ «በእርግጥ ዝርዝሩ ውስጥ የለህም» ማለት አይቻልም። ፈጣኑ ጆይን ግን ይህን ጥንቃቄ አያውቅም፤ ስሞቹን ዘርግፎ ያወጣል። ስለዚህ መቀየር የሚፈቀደው ነል ሊመጣ እንደማይችል ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ፓቹም ይህን ረስቶ አይደለም፤ ዓምዱ ነል እንዳይቀበል ሆኖ መፈጠሩን እያየ ነው የሚቀይረው። አብረውት የመጡት ፈተናዎች ሁሉ አልፈዋል፤ ገጹ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው።

ፓች ሲረዝምብኝ ወይም መብራት ሲጠፋ በወረቀት ማንበብ እወዳለሁ። ታክሲ መያዣው ጋ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ አሳተምኩት። ልጁ ገጹ ሲበዛበት፣ «እህቴ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው?» አለኝ። የሰው ሥራ ነው፣ ስህተት ልፈልግበት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ «ታዲያ ስህተቱ ያለበትን ገጽ ብቻ ላትምልሽ?» አለኝ። ይቺን ለአለቃዬ ነግሬው ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ።

ቤት ገብቼ ኮዱን ከማንበቤ በፊት በወረቀቱ ጠርዝ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «ነል ከየት ከየት ሊመጣ ይችላል?» ከሥሩ ደረደርኩ። ነል ከሚቀበል ዓምድ ይመጣል። ያለ ኤልስ ከተጻፈ ኬዝ፣ ማለትም «ካልሆነስ?» ለሚለው መልስ ሳይሰጥ ከቀረ የ«እንዲህ ከሆነ» ምርጫ ይመጣል። ምንም ረድፍ የሌለውን ነገር ስትደምርም ይመጣል፤ የምንም ድምር በኤስኪውኤል ዜሮ ሳይሆን ነል ነው። ተጓዳኝ ያጣውን ረድፍ ሳይጥል ከሚያቆይ ማገናኛ፣ ከሌፍት ጆይንም ይመጣል። ከዚያ ኮዱን በቀይ እስክሪብቶ ይዤ ወረድኩ። የመጀመሪያው ተዘግቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛውም ፓቹ ተራ ዓምድ ካልሆነ ስለማይነካ ተዘግተዋል። አራተኛው ጋ ስደርስ በሩ ክፍት ነው።

ምን ማለቴ ነው? የአንድ ዕድር የባንክ ገቢ ደረሰኞች በሂሳብ ቁጥር ከሂሳቦች ቴብል ጋር በሌፍት ጆይን ይገናኙና ከሂሳቦች ቴብል የአባሉ መለያ ይወሰድ። ያ መለያ ቴብሉ ውስጥ ነል እንዳይሆን ተከልክሏል። አንድ ሰው ደረሰኙ ላይ የሂሳብ ቁጥሩን በአንድ አኃዝ ቢያሳስት ግን ተጓዳኝ አይገኝለትም፤ ሌፍት ጆይኑም ቦታውን በነል ይሞላዋል። ዓምዱ ሲፈጠር ንጹሕ ነበር፤ ነሉ የመጣው በመንገድ ላይ ነው። ፓቹ ያየው የልደት ምስክር ወረቀቱን ብቻ ነው። በዚህ ላይ «ያልከፈሉ አባላትን አውጣ» ብትል በድሮው እትም ባዶ፣ በአዲሱ እትም ደግሞ የስም ዝርዝር ይወጣል።

አንባቢ «ታዲያ ስም የሚያወጣው አይሻልም?» ሊል ይችላል። ለዕድር ጸሐፊ ይሻል ይሆናል። ዳታቤዝ ግን ሕጉ የሚለውን እንጂ የሚሻለውን እንዲመርጥ አልተፈቀደለትም። በዚያ መልስ ላይ ተመርኩዞ ስንት ፕሮግራም እንደተጻፈ እኔም አላውቅ፣ ያ ፕሮግራመርም አያውቅ። ያለችኝን አጭር ምሳሌ አብሬ ላክሁ። ሰውየው በማግስቱ አስተካክሎ መለሰው፤ እግረ መንገዱንም ከኖት ኢን በስተግራ ያለው ራሱ ነል ቢሆንስ የሚለውን አስቦ ዘጋው። እሱን እኔ አልጠየቅሁትም ነበር። ግምገማ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ማንም ማንንም አላዋረደም።

«ይህን ማሽን አይሠራውም ወይ?» ለሚለኝ፣ ከፊሉን ይሠራዋል፤ እሱም ደስ የሚል ብልሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ዙሪክ ባለው ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ማኑኤል ሪገርና ዤንዶንግ ሱ ኤስኪውላንሰር በተባለው መሣሪያቸው የሚከተለውን አቀረቡ። ትክክለኛውን መልስ ማንም ሳያውቅ ዳታቤዝን መፈተን እንዴት ይቻላል? አንድ ሁኔታ ውሰድ፤ ለምሳሌ ዕድሜ ከ30 በላይ። ሁኔታው እውነት የሆነላቸውን አውጣ፣ ሐሰት የሆነባቸውን አውጣ፣ ዕድሜያቸው ስላልተመዘገበ የማይታወቁትን አውጣ። ሦስቱ ሲደመሩ ጠቅላላውን ቴብል መሙላት አለባቸው። አንድ ሰው ከጎደለ ወይም ሁለት ጊዜ ከመጣ ዳታቤዙ ዋሽቷል ማለት ነው። በዚህና በመሰል ዘዴዎች ስመ ጥር በሆኑት ዳታቤዞች ላይ ሳይቀር በመቶዎች የሚቆጠሩ የኮድ ስህተቶች ተገኝተዋል። እኔም ፓች ሳነብ በእጄ እሞክረዋለሁ። መሣሪያው ግን በዘፈቀደ የሚፈጥራቸው ጥያቄዎች ያ የተሳሳተ የሂሳብ ቁጥር ያለበትን ጥምረት እስኪነኩት መጠበቅ አለበት። «ነል ከየት ይመጣል?» ብሎ ለሚያነብ ሰው ግን መንገዱ አጭር ነው።

አሁን ወደ ጽሑፋችሁ። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ የሚጀምረው ከንባብ ነው፤ ፊደሉን ለይቶ፣ ውርድ ንባብ ቁም ንባብ ብሎ፣ ዳዊት ደግሞ። ቅኔ የሚቀኘው ስንት ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። እኛ ኮድን ስናስተምር ልጁን ገና ፊደል ሳይለይ ቅኔ ቤት እናስገባዋለን። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ እየመጡ የሚያነቡ ጥቂት ተማሪዎች አሉ፣ ከቂሊንጦም ከገላንም። ዳታቤዝ ተምረዋል፤ የቴብል አደራደር ሕግ የሆነውን ሦስተኛ ኖርማል ፎርምን ቢጠይቋቸው ያብራራሉ። ኤክስፕሌይን የምትለዋን ትእዛዝ፣ ፕላነሩ የመረጠውን መንገድ ገልጣ የምታሳየውን ግን ብዙዎቹ ያዩአት ቡና እየተፈላ እኔ ጋ ነው። የማስደርጋቸው የመጀመሪያ ነገር የተገመተውንና የተገኘውን የረድፍ ቁጥር ጎን ለጎን መጻፍ ነው። 100 እና 6,000 ጎን ለጎን ሲቆሙ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ራሳቸው «ምን ነካው?» ይላሉ።

ኮድ የሚጽፉ ማሽኖች መጥተው ነገሩን አባብሰውታል። የሚጻፈው በዛ፤ የሚያነበው ግን ያው ሰው ነው። የጋዜጣችሁን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ልማድ ሆኖብኝ አያለሁ፤ ፕሮግራመር ፈላጊው ብዙ ነው፣ ኮድ መገምገም የሚል ግን ዓይኔ ላይ አልወደቀም። በየመሥሪያ ቤቱ «ጊዜ ካለህ እየው» ተብሎ የሚሰጥ ትርፍ ሥራ ነው። የፖስትግሬስ ማኅበረሰብ ፓች የሚልክ ሰው የሌላ ሰው ፓች እንዲገመግም ይጠብቃል። ኮሌጆቻችንም ለመመረቂያ ሥራ እንዲህ ቢያደርጉ ወጪው ምንድነው? ተማሪው የራሱን ከማቅረቡ በፊት የጓደኛውን አንብቦ በጽሑፍ አስተያየት ይስጥ፤ ለአስተያየቱም ነጥብ ይያዝለት።

ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ከመዝናኛ ገጻችሁ ጥግ ለአንድ የኮድ ንባብ ጥያቄ ቦታ ብትሰጡ ጥያቄዎቹን በነጻ እልካለሁ። የመጀመሪያው ይኸው። አባላት የሚባል ቴብል ከክፍያ ቴብል ጋር በሌፍት ጆይን ተገናኝቷል፤ ያልከፈለም አባል እንዲታይ ታስቦ ነው። ከዚያ ረድፎችን በሚያጣራው ክፍል፣ በዌር «የክፍያው መጠን ከ100 ብር በላይ የሆነ» የሚል ተጨመረበት። ፕላነሩ ሌፍት ጆይኑን አንስቶ ተጓዳኝ የሌለውን ረድፍ በሚጥል ተራ ጆይን ተካው። ይህን ማድረግ ይፈቀድለታል? በዌሩ ላይ «ወይም መጠኑ ነል የሆነ» የሚል ቢጨመርስ? «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ብሎ የሚልክ ሰው ነጥብ አይያዝለትም፤ ምክንያቱን ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጸ. መ.
ከቱሉ ዲምቱ